ኤስደብሊውአሩ ሲከፋ አንቴናው ሲሻል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዳማ ውስጥ በወላጆቹ ግቢ የሚኖር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ለ40 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ገደማ ለሆነው የአማተር ሬዲዮ ክልል) የሚሆን ቋሚ አንቴና በገዛ እጁ ሠርቷል። 10 ሜትር የመዳብ ሽቦ በባሕር ዛፍ አጠና ላይ ወጥሮ አቁሟል። ከሥሩ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ፌሮ መሬት ውስጥ ቀብሮ የኮአክሱን (አንቴናውን ከሬዲዮው የሚያገናኘውን ገመድ) የሽቦ ሽፋን ከፌሮው ጋር አስሯል። ኮአክሱ፣ 15 ሜትር አርጂ-58 ገመድ፣ ወደ ክፍሉ ይገባል። የሽቦውን ርዝመት ጥቂት በጥቂት እየቆረጠ ሲያስተካክል ኤስደብሊውአሩ (አንቴናው ከገመዱ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳየው ቁጥር፤ 1 ሲሆን ፍጹም ነው) በ7.1 ሜጋኸርዝ ላይ 1.8 ደርሶ እዚያው ቆመበት፤ ከዚያ በታች አልወርድ አለው። «ጋሼ፣ ሄርፒን ልጠቀም፣ ኤል ኔትወርክ ልሥራ፣ ወይስ ጓደኛዬ እንደመከረኝ 9 ለ1 ትራንስፎርመር ልግዛ? 1 ለ1 የሚያደርግልኝ የትኛው ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሦስት የማዛመጃ ዘዴ፣ ማለትም የአንቴናውን ተቃውሞ ከገመዱ 50 ኦም ጋር የሚያስማማ፣ ዘርዝረህ አንዱን ምረጥልኝ ብለኸኛል። ዛሬ ግን አንዱንም አልመርጥልህም። አንቴናህ አሁን ባለበት ሁኔታ ከሦስቱ አንዱ የሜትሩን መርፌ ሊያሳምርልህ ይችላል፤ ድምፅህን ግን ከዛሬው አያርቀውም። መጀመሪያ ያ 1.8 ምን እየነገረህ እንደሆነ አብረን እናዳምጠው።

እንደ ያንተ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ ሩብ ሞገድ (የሞገዱ ርዝመት ሩብ) የሆነ ቋሚ አንቴና ፍጹም አስተላላፊ በሆነ መሬት ላይ ቢቆም ከሥሩ የሚለካው ተቃውሞ 36 ኦም ገደማ ነው። ይህ የጨረር ተቃውሞ የምንለው ነው፤ ወደ አየር የሚወጣው ኃይል የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። 36 ኦምን ከ50 ኦም ገመድ ጋር ብታገናኘው ኤስደብሊውአሩ 1.4 ይሆናል። ያንተ 1.8 ነው። 1.8 ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ 28 ኦም፣ ወይ 90 ኦም። የኤስደብሊውአር ሜትር ከ50 በላይ መሆንህን ወይም በታች መሆንህን አይነግርህም፤ ከ50 ምን ያህል እንደራቅህ ብቻ ነው የሚነግርህ። ሙሉ ሩብ ሞገድ የሆነ ሽቦ አቁመህ፣ ከሥሩ አንድ ፌሮ ብቻ ይዘህ፣ ከ36 በታች የምትወርድበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ያለኸው 90 ኦም ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። ከ90ው ውስጥ 36ቱ የጨረር ነው። የቀረው 54 ኦም የመሬት ብክነት ነው። 100 ዋት ብትልክ 40 ዋቱ ወደ አየር ይወጣል፤ 60 ዋቱ የግቢህን አፈር ያሞቃል። ኤስደብሊውአር 1.8 ሲሆን ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል ከመቶ 8 ገደማ ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የጠፋ አይደለም። አንተ እንቅልፍ አጥተህ የምታሳድደው ያንን 8 ነው። 60ው ግን ማንም ሳይጠይቀው በየቀኑ እየፈሰሰ ነው። ማናቸውም የማዛመጃ ዘዴ ያንን 54 ኦም አያነሳልህም። 90ውን 50 አስመስሎ ለሬዲዮህ ያቀርብለታል እንጂ በውስጡ ያለው የ36 እና የ54 ክፍፍል እንዳለ ይቀራል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት የረጅም ርቀት ሬዲዮ ደከመ ተብሎ ለጥገና ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የቆመ ቋሚ አንቴና ነበራቸው። ኦፕሬተሩ መዝገቡን አምጥቶ አሳየኝ። አንቴናው ሲተከል ኤስደብሊውአሩ 1.4 ነበር፤ በየዓመቱ እየወረደ እኔ የሄድኩ ቀን 1.1 ደርሷል። «አንቴናውስ እያደር እየተሻለ ነው፤ ችግሩ ሬዲዮው ነው» አለኝ። ሬዲዮውን ፈትሼ ምንም አጣሁበት። ከዚያ የአንቴናውን ሥር በአካፋ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ከመሬቱ ሰሌዳ ወደ ዙሪያው ይሄዱ የነበሩት የዚንክ ልባስ ሽቦዎች በእጄ ሳነሳቸው እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈሩ ነበር። የቀሩትን ጥቂቶች አትክልተኛው በዶማ ቆርጧቸዋል። የመሬቱ ብክነት እየጨመረ ሄዶ 36ቱን ወደ 50 አቀረበው፤ ሜትሩም ደስ አለው። አንቴናው እየሞተ ኤስደብሊውአሩ ያምር ነበር። አዲስ የመዳብ ሽቦ ዘርግተን ስንጨርስ ኤስደብሊውአሩ ወደ 1.4 ተመለሰ፤ ዓመት ሙሉ ያልሰማቸው ጣቢያ በማግሥቱ ጠዋት መለሰላቸው።

ስለዚህ የአንተ ሥራ ከመሬቱ ይጀምራል። የቋሚ አንቴና የሚታየው ግማሽ አካሉ ነው። ሌላው ግማሽ ከሥሩ ዙሪያውን በአፈሩ ላይ ተዘርግቶ ያለው ነው። በሽቦው ላይ ሽቅብ የሚሄደው ጅረት ዞሮ በመሬቱ ገጽ ላይ ከየአቅጣጫው ወደ ሥሩ መመለስ አለበት። ፌሮው ይህን ጅረት የሚቀበለው አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ነው፤ እስኪደርስበት ድረስ ጅረቱ በአፈር ውስጥ ይጓዛል። የአዳማ አፈር ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ጠጠር የመጣ፣ ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ፣ በበጋ አቧራ የሚሆን ነው። ኤሌክትሪክ በደስታ የሚያስተላልፍ አፈር አይደለም። ፌሮውን አትንቀለው፤ ለመብረቅና ለስታቲክ ማፍሰሻ ያስፈልግሃል። ለሬዲዮው ጅረት የሚያስፈልጉህ ግን ራዲያሎች፣ ከአንቴናው ሥር ወደ ዙሪያው የሚዘረጉ ሽቦዎች፣ ናቸው።

ብዙ ሰው ራዲያል ሲባል አራት ረጃጅም ሽቦ ብሎ ያስባል። አራት፣ ሩብ ሞገድ የሆኑ ራዲያሎች የሚበቁት አንቴናው ከመሬት ከፍ ብሎ ሲቆም ነው። መሬት ላይ ወይም አፈር ውስጥ ሲሆኑ አፈሩ ስለሚይዛቸው ርዝመታቸው ያን ያህል ትክክል መሆን የለበትም፤ ብዛታቸው ነው የሚቆጠረው። ጅረቱ የሚበረታው ከሥሩ አጠገብ ስለሆነ ያለህን ሽቦ በብዙ አጫጭር ከፋፍለህ ዘርጋው። ለመካከለኛ አፈር የሚሰጡት የዲዛይን መነሻ ቁጥሮች እንዲህ ናቸው፦ 16 ራዲያል እያንዳንዱ 4 ሜትር ከ20 ቢሆን የአንቴናው ተቃውሞ 52 ኦም አካባቢ ይሆናል፤ 24 ራዲያል 5 ሜትር ከ30 ቢሆኑ 46 ኦም፤ 60 ራዲያል 8 ሜትር ከ50 ቢሆኑ 40 ኦም። ደረቅ አፈር ላይ ከዚህ ጥቂት ከፍ ሊልብህ ይችላል።

የሽቦው ብዛት አያስፈራህ። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦ አለ። 16 ሜትር ኬብል ብታገኝና ሦስት ቦታ እኩል ብትቆርጠው 24 ራዲያል ማለት ነው፤ እያንዳንዱም 5 ሜትር ከ30 ነው። ስትገዛ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገህ እይ። ውስጡ ነጣ ካለ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። ዘልቆ ቀይ የሆነውን ያዝ። ልባሱን መላጥ አያስፈልግህም። ሣር ካለ በሽቦ ችንካር ወደ መሬቱ አጣብቀህ ተወው፣ ሣሩ ራሱ ይሸፍነዋል። ሣር ከሌለ በአካፋ ጠርዝ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥተህ ቅበረው። ግቢው ወደ አንድ ወገን ጠባብ ከሆነ በዚያ በኩል ያሉት አጠር ይበሉ፤ አጥር ጋ ሲደርሱም ይታጠፉ። ክብ መሆን የለበትም።

ሁሉም ከአንቴናው ሥር አንድ ላሜራ ላይ ይገናኙ። እኔ ራዲያሎቹን አራት አራት አድርጌ አጣምሬ በተርሚናል ጠርዤ፣ በዝገት አልባ ቦሎንና ዳዶ አጥብቄ፣ ከላይ ቅባት ቀብቼ እተወዋለሁ። የዚንክ ልባስ ያለው ብረትና መዳብ እርጥበት ላይ በቀጥታ ሲነካኩ ይበላላሉና በመካከላቸው ዝገት አልባ ሮንዴላ አስገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እዚህ መገጣጠሚያ ላይ የቸኮለ ሰው ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ራዲያሎቹን በአንድ ጊዜ አትዘርጋቸው። አራት አራት እያደረግህ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየጨመርህ፣ በየመሐሉ ለካና ደብተር ላይ ጻፍ። መጀመሪያ 1.8 ወደ 1.5፣ ከዚያ ወደ 1.2 ሲወርድ ታያለህ። የሆነ ቦታ ላይ 1.0 ይነካል፤ ያኔ 50 ኦም ላይ ነህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ሬዲዮውን ይከፍታል። አንተ ቀጥል። ተጨማሪ ራዲያል ስትዘረጋ ኤስደብሊውአሩ እንደገና መውጣት ይጀምራል፤ 1.1፣ 1.2 ይላል። አትደንግጥ፤ ከ50 በታች እየወረድህ ወደ 36 እየተጠጋህ ነው። በ46 ኦም ከ100 ዋቱ 78ቱ ወደ አየር ይወጣል። ከ40 ወደ 78 መድረስ ባለ100 ዋት ሬዲዮህን በባለ200 እንደመለወጥ ነው፤ ያውም በ16 ሜትር ኬብል። በ40 ኦም 90 ዋት ይወጣል፤ ኤስደብሊውአሩ ግን 1.25 ነው። ከ1.0ው ይልቅ 1.25ቱ የተሻለ አንቴና ነው።

ይህ ምልክት የተቃውሞ መለኪያ ለሌለውም ይጠቅማል። ያለህ የኤስደብሊውአር ሜትር ብቻ ከሆነና ከ50 በላይ ይሁን በታች ካላወቅህ አራት ራዲያል ጨምርና እይ። ከወረደ በላይ ነበርህ፤ ከወጣ በታች ነበርህ።

ናኖ ቪኤንኤ የሚባለውን ትንሽ የአንቴና መለኪያ ከጓደኛም ቢሆን ብትዋስ ግን ሥራህ ሁሉ ይቀልልሃል። ተቃውሞውንና ሪአክታንሱን (የአንቴናው ርዝመት ከሞገዱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚታየውን፣ ኃይል የማይበላውን ተቃውሞ) ለየብቻ ያሳይሃል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ። አንደኛው፣ ካሊብሬሽኑን (መሣሪያው በትክክል እንዲለካ ማስተካከሉን) የምትሠራው መሣሪያው አፍ ላይ አይደለም፤ ኮአክሱ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ነው። ሦስቱን ማመሳከሪያ ሶኬቶች፣ ክፍቱን፣ አጭሩንና 50 ኦሙን፣ እዚያ ሰክተህ አስተምረው። አለበለዚያ 15 ሜትር ገመድ 40ውን 60 አድርጎ ሊያሳይህ ይችላል። ሁለተኛው፣ ስትለካ የኮአክሱን ሽፋን በእጅህ ጨብጥ። ቁጥሩ ከተለወጠ ገመዱ ራሱ ራዲያል ሆኖ እየሠራ ነውና የምታነበው የአንቴናውን ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከአንቴናው ሥር አጠገብ ኮአክሱን ባለ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ላይ 15 ዙር ያህል ጎን ለጎን ጠምጥመው። ከ5 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ገመድ ይወስዳል። በ7 ሜጋኸርዝ ላይ በሽፋኑ ውጭ ለሚሸሸው ጅረት በሺህ ኦም የሚቆጠር አጥር ይሆናል።

ራዲያሉ ተዘርግቶ፣ ሪአክታንሱ 7.1 ላይ ዜሮ ሆኖ፣ ተቃውሞውን ካነበብህ በኋላ ነው «የትኛውን ዘዴ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው። ቁጥሩ ራሱ ይመርጥልሃል።

ከ40 እስከ 55 ኦም ከሆንህ ምንም አትጨምር። ኮአክሱን በቀጥታ አገናኝ። ይህን የምለው ስንፍና አስተምሬህ አይደለም። 15 ሜትር አርጂ-58 በ7 ሜጋኸርዝ ላይ ራሱ 0.6 ዲሲቤል (ከኃይሉ ከመቶ 13) ገደማ ይበላል፤ ኤስደብሊውአር 1.25 በዚያ ላይ የሚጨምረው ብክነት ማንም ጆሮ የማይለየው ነው። የምታስገባው እያንዳንዱ መጠምጠሚያና መገጣጠሚያ ግን አንድ ቀን ሊላላ የሚችል ነገር ነው።

ከ40 በታች ከወረድህ ሄርፒኑን እመርጥልሃለሁ። ሄርፒን የሚሠራው ከ50 በታች ለሆነ ተቃውሞ ብቻ ነው። አሁን ባለህ 90 ኦም ላይ ብታስገባው ኖሮ ምንም ብታደርግ እሺ አይልህም ነበር፤ ያንን ሁሉ ሽቦ ጠምጥመህ «ሄርፒን የማይረባ ነገር ነው» ብለህ ትተወው ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንቴናውን ከትክክለኛው ርዝመት ጥቂት ታሳጥረዋለህ፤ በዚህ ጊዜ ካፓሲቲቭ ይሆናል፣ ማለትም እንደ ካፓሲተር ይሠራል። ከዚያ ከአንቴናው ሥር ወደ ራዲያሉ ላሜራ አንድ ኮይል ታገናኛለህ። ያጠረው አንቴናና ኮይሉ ተባብረው ተቃውሞውን ወደ 50 ያወጡታል። የኮይሉ ሪአክታንስ ስንት እንደሚሆን ለማወቅ የአንቴናውን ተቃውሞ ውሰድ፣ 50 ላይ እሱን ቀንሰህ በምታገኘው አካፍለው፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት አውጣ፣ በ50 አባዛው። ለ36 ኦም ብታሰላው 80 ኦም ይመጣል። በ7.1 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ 1.8 ማይክሮ ሄንሪ ነው።

1.8 ማይክሮ ሄንሪ በእጅ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል፦ ባለ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ቆራጭ፣ ቤት ሲሠራ የሚተርፈው 2.5 የመብራት ሽቦ፣ 7 ዙር፣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቶ። በቱቦው ላይ ከዳርና ከዳር ቀዳዳ አውጥተህ ሽቦውን አሳልፈው፤ እንዳይላላ። ማስተካከሉ ዙሮቹን በጣትህ በማቀራረብና በማራራቅ ነው፤ ስታቀራርባቸው ኢንዳክታንሱ ይጨምራል፣ ስታራርቃቸው ይቀንሳል። አንቴናውን የምታሳጥረው ለቀጭን ሽቦ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አትቁረጠው። የላይኛውን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፈህ በራሱ ላይ ጠምዝዘው፤ ታጥፎ የተጠመዘዘው ክፍል እንደሌለ ይቆጠራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ የተቆረጠ ሽቦ አይመለስም፣ የታጠፈ ግን ይዘረጋል።

ሄርፒኑን ከሌሎቹ የምመርጥበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ፤ ለእኛ አገር ትልቅ ምክንያት ነው። ኮይሉ አንቴናውን ለቀጥታ ጅረት ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። ደመና ሲከብድ፣ አዳማ ላይ ያ አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲነሳ፣ 10 ሜትር ሽቦ ላይ የስታቲክ ክምችት ይጠራቀማል፤ በሬዲዮህ ውስጥ ከአንቴናው ጋር የሚገናኘው የመጀመሪያው ትራንዚስተር ያንን አይወድም። ኮይሉ እየተጠራቀመ ሳይሆን እየፈሰሰ እንዲሄድ ያደርገዋል። ከመብረቅ ግን አያድንህም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲሰማ ኮአክሱን ከሬዲዮው ነቅለህ ጫፉን ከቤት ውጭ አድርገው።

ኤል ኔትወርኩ ያው የሄርፒኑ ግልባጭ ነው። አንቴናውን በማሳጠር ፈንታ ታስረዝመዋለህ፤ በኮይል ፈንታ ካፓሲተር ወደ መሬት ታገናኛለህ። ለ36 ኦም 280 ፒኮፋራድ ይፈልጋል። ጥሩ ካፓሲተር አላገኘሁም ካልህ 2 ሜትር ከ50 ያህል አርጂ-58 ቁረጥና ጫፉን ክፍት ተወው፤ እሱ ራሱ ካፓሲተር ነው፣ 100 ዋትንም ያለ ችግር ይሸከማል። ጫፉን ውኃ እንዳይገባው ዝጋው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ስታቲኩን ስለማያፈስ ብቻ ሁለተኛ አደርገዋለሁ።

የጓደኛህን 9 ለ1 ግን አትግዛ። ትራንስፎርመሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ነው። 9 ለ1 ያለውን ተቃውሞ ለ9 ያካፍላል። ርዝመቱ ከሞገዱ ጋር የማይገጥም፣ በመቶዎች ኦም የሚያሳይ ሽቦ ካለህ ይጠቅምሃል። ያንተን 90 ኦም ለ9 ቢያካፍለው 10 ኦም ይሆናል፤ ኤስደብሊውአርህ ከ1.8 ወደ 5 ይሄዳል። ራዲያል ዘርግተህ 46 ካደረስኸው ደግሞ 5 ኦም፣ ማለትም ኤስደብሊውአር 10 ገደማ። አንቴናህን ባሻሻልህ ቁጥር ይብስብሃል ማለት ነው። ትራንስፎርመር መጠምጠም ካማረህ 49 ለ1ዱን ሥራ፤ ኤፍቲ 240-43 የሚባለው የፌራይት ቀለበት ለዚህ የተለመደ ነው። ያው 10 ሜትር ሽቦህ በ20 ሜትር ባንድ ላይ ግማሽ ሞገድ ስለሆነ ሥሩ ላይ ከ2000 ኦም በላይ ያሳያል፤ 49 ለ1 ያንን ወደ 50 አካባቢ ያወርድልሃል።

ከሬዲዮው ጋር ወይም በሬዲዮው ውስጥ ስላለው ቱነር አልጠየቅኸኝም፤ ግን ልንገርህ። ቱነሩ ሬዲዮው ደስ ብሎት ሙሉ ኃይሉን እንዲያወጣ ያደርገዋል። በ7 ሜጋኸርዝ፣ በ15 ሜትር ገመድ፣ ኤስደብሊውአር 2 ላይ ቱነር መጠቀም ምንም ነውር የለበትም፤ የገመዱ ተጨማሪ ብክነት ትንሽ ነው። ራዲያሉን እስክትዘረጋ ድረስ በእሱ ሥራ።

ሁሉም ነገር የሚለወጠው አንቴናው አጭር ሲሆን ነው። ግቢህ ጠቦ 5 ሜትር ብቻ ብታቆም፣ በ40 ሜትር ባንድ ላይ የጨረር ተቃውሞው ወደ 6 ኦም ይወርዳል። ከሥሩ የማሟያ ኮይል ያስፈልገዋል፤ ጥሩ ኮይልም ቢሆን 2 ወይም 3 ኦም ብክነት ይጨምራል። የመሬቱን 10 ኦም ጨምርበት፤ ከ18 ወይም ከ19 ኦም ውስጥ ለአየር የሚሆነው 6ቱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሄርፒን ግዴታ ይሆናል፤ እያንዳንዷ የመሬት ኦምም ይበልጥ ትከብዳለች። አንተ 10 ሜትር አለህና ይህን ጠብቀው፤ ነፋሱ እንዳይወስድብህ።

ነፋሱን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ከከተማችን አጠገብ የተተከሉት የአዳማ ነፋስ የሚቀልድ ስላልሆነ ነው። አጠናው በሁለት ከፍታ፣ በየከፍታው በሦስት አቅጣጫ ይወጠር፤ በናይለን ገመድ እንጂ በብረት ሽቦ አይሁን፣ ብረቱ የአንቴናው አካል ይሆንብሃል። ሽቦው ከአጠናው ጋር ተጣብቆ አይውጣ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ኃይል ይበላል፣ በተለይ ቮልቴጁ ከፍ በሚልበት በላይኛው ጫፍ። ከጥቂት የፒቪሲ ቁራጭ መያዣ ሠርተህ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው። ምሰሶው ወድቆ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ውስጥ የመብራት መስመር ካለ ግን ቦታውን ዛሬውኑ ቀይር፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የወቅቱንም ነገር አስብ። ነሐሴ ላይ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሳለ ያስተካከልኸው አንቴና ጥር ላይ ሌላ ቁጥር ያሳይሃል። ራዲያል ያነሰው አንቴና ከወቅት ወቅት ብዙ ይዋዥቃል፤ 24 ራዲያል ያለው ግን ብዙም ንቅንቅ አይልም፤ ጅረቱ የሚመለሰው በመዳቡ ነው እንጂ በአፈሩ አይደለምና። አሁን በበጋ ብትጀምር ይሻልሃል፤ በደረቁ ጥሩ የሆነ በክረምት አይከፋም።

መሬት መቆፈር ወላጆችህ ካልፈቀዱ የቆርቆሮ ጣሪያው አለ። ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የቆመ አንቴና ጣሪያውን እንደ መሬት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለ20 ሜትር ባንድ፣ በ5 ሜትር ሽቦ፣ በጣም ያምራል። ችግሩ ቆርቆሮዎቹ በቀለምና በዝገት ተለያይተው መቀመጣቸው ነው። የዛገ መገጣጠሚያ እንደ ዳዮድ ሆኖ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ሊረብሽ ይችላል። ቀለሙን ፍቀህ እያንዳንዱን ቆርቆሮ ከጎረቤቱ ጋር በሪቬት ወይም በቪቴ አገናኘው። ይህ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ይፈጃል፤ ይገባዋልም።

ስለ ፈቃድ አልነገርኸኝም። ናኖ ቪኤንኤ የሚያወጣው ከምንም የማይቆጠር ኃይል ስለሆነ ለካበት። ለማስተላለፍ ግን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና በኢቲ የሚጀምር የጥሪ ምልክት ያስፈልግሃል። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር፣ ኢቲ3ኤኤ የሚለው የክለብ ጣቢያ፣ ለተማሪ በሩ የቀረበ ነው፤ ሂድና ጠይቃቸው። እኛ ባለንበት ቀጠና የ40 ሜትር ባንድ ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ነው። ሽቦህን ስታስተካክል መሐሉን፣ 7.1ን፣ ያዝ።

በሚቀጥለው ስትጽፍልኝ ኤስደብሊውአሩን አትላክልኝ። በ4፣ በ8፣ በ16 እና በ24 ራዲያል ላይ ያነበብኸውን ተቃውሞና ሪአክታንስ ለየብቻ፣ ከለካህበት ቀን ጋር ጻፍልኝ። የኮይሉን ዙር ከዚያ ላይ ተነስተን አብረን እናሰላዋለን።